የጎረቤት ድስት

ታኅሣሥ 29፣ 2018፣ ረቡዕ፣ ገና

ከሁሉ በፊት ይሄ ይጻፍ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በቀዳም ሹር፣ የጎረቤቴን ወጥ ሰርቄ በልቻለሁ። የሚቆጨኝ መብላቴ አይደለም፤ ወጥ ነው፣ ይተካል። የሚቆጨኝ በምን እንደተካሁት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ባለቤቴ ያለምወርቅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በየበዓሉ ሁለት ድስት ትጥድ ነበር። ቁሌቱ በስሎ ዶሮው ሊገባበት ሲል በጭልፋ ቀነስ ታደርግና ትንሽ ድስት ውስጥ ገልብጣ የተቀቀለ እንቁላል ትጨምርበታለች። ያ የፋጢማ ድስት ነው። ፋጢማ በቆርቆሮ አጥር የምንዋሰናት ጎረቤታችን ናት፤ የወሎ ሰው፣ ሙስሊም። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። ቁሌትና እንቁላል ግን የሁላችንም ነው። በበዓሉ ማግስት ያለምወርቅ ከሁለቱም ድስት የተረፈውን ያደረ ፉርኖ ዳቦ ውስጥ ትሞላና ዳቦ ቤት ወስዳ ታስጋግረው ነበር። ልጅ ሳለች ፒያሳ ሆቴል ቤት ስትሠራ የለመደችው ሳንዱች ነው። ሰፈሩ «የማግስት ዳቦ» ይለዋል። ከትልቁ ድስት የኛ፣ ከትንሹ የፋጢማ። ትሪ ላይ እንኳ አታነካካቸውም።

ያን ቀን ያለምወርቅ ቀድማኝ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ የቀረኝ ጥቂት ሰዓት ነው። ቤቱ ያውዳል። ትልቁን ድስት ብነካ ትደርስብኛለች፤ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው፣ እሷም እንደ ጣቷ ታውቀዋለች። ትንሹ ድስት ውስጥ ግን ከእንቁላሉ በቀር የሚቆጠር የለም። አንዴ በዳቦ ጠቀስ አደረግሁ። ደገምኩ። ስባንን አራቱ እንቁላሎች ባዶ ድስት ውስጥ ቁጭ ብለው ያዩኛል።

ሁለተኛውን ጥፋት የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጭልፋ አንስቼ፣ ዶሮ ከበሰለበት ከትልቁ ድስት ቀድቼ ትንሹን ሞላሁት። የሥጋ ቅንጣት እንዳይገባ እየተጠነቀቅሁ። ክፉ ሥራ ተጠንቅቀው ሲሠሩት የሚቀል ይመስል።

ዳቦው ተጋግሮ ሄደ። ፋጢማ ሳህኑን ልትመልስ መጥታ፣ «ያለምወርቅዬ፣ የዘንድሮውን በምን እጅሽ ነው የሠራሽው!» አለች። ያለምወርቅ በደስታ ሳቀች። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ የታሰረ ጫማዬን እንደገና አሰርኩ። ከዚያ ወዲህ ፋጢማ በየበዓሉ የምትለው አንድ ነው፤ «ጥሩ ነው፣ ግን የዚያን ዓመቱን አያህልም።»

ጾም መግደፌን ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፣ ስግደቱንም ጨርሻለሁ። የጭልፋውን ነገር አልተናገርኩም። ያለምወርቅም ሳታውቅ ሞታ ሦስት ዓመቷ ነው።

ደብተሩን ያመጣችልኝ ልጄ ፍሬሕይወት ናት። «አባዬ፣ ብቻህን ስታወራ ሱቁ ድረስ ይሰማል አሉ። ጻፈው።» ዛሬ ዶሮ ሠርታልኝ ወደ አማቶቿ ሄደች። አንድ ሰው፣ ግማሽ ድስት ወጥ፣ ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው፣ ጾም። አንድ ቀን ተኩል አለኝ።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ጋገርኩ። ቤቱም አልተቃጠለም።

ሥራዬ ምን አለሽ ተራ ነው፤ ካረጀ በርሜልና ከዘይት ቆርቆሮ ምድጃና ትሪ እሠራለሁ። አምና አንድ ሰው የከሰል ኦቨን አዝዞኝ ሳይወስደው ቀረ፤ ግቢዬ ውስጥ የውሻ ቤት መስሎ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ምድጃ ስሠራ ኖሬ አንድ ቀን ዳቦ ጋግሬ አላውቅም።

እሷ ስታደርግ እንዳየሁት አደረግሁ። የፉርኖውን አናት እንደ ክዳን ቆረጥኩ፣ የውስጡን ለስላሳ አውጥቼ ፈርፍሬ ከወጡ ጋር አሸሁት፣ ዶሮውን ከአጥንቱ ለይቼ፣ እንቁላሉን ከትፌ፣ መልሼ ሞላሁ። ክዳኑን ገጠምኩና ቅቤ ቀባሁት። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከሥራቸው ከሰል ሆኑ። ለሁለተኛው ዙር ከትሪው ሥር ሌላ ላሜራ ደረብኩ። ቀላ ብለው፣ ሲነኳቸው ኮሽ እያሉ ወጡ።

ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ፋጢማ፣ «ጋሼ ጓንጉል! ያለምወርቅ መጣች እንዴ?»

«ሽታዋ ነው የመጣው» አልኳት።

«የኔ ድስትስ?»

«ፍሬሕይወት አልቀነሰችልሽም። ሁሉም ዶሮ ገብቶበታል።»

«ወይ የዛሬ ልጆች!» ብላ ሳቀች። ከዚያ በበሩ ዞራ መጣች። የምሥራች ይዛ ነው። የልጇ የሰልሳቢል ኒካህ የካቲት 7 ቅዳሜ ሊሆን ነው፤ ረመዳን ሳይገባ። «እና ስልሳ የማግስት ዳቦ እፈልጋለሁ፣ ጋሼ። ሰልሳቢልን አዝላ ያሳደገቻት ያለምወርቅ ናት። ሰርጓ ላይ እጇ መኖር አለበት።»

«የማግስት ዳቦ በዋናው ቀን?»

«ስሙን ተዉትና ጣዕሙን ያምጡልኝ። የዚያን ዓመቱን። ያስታውሱታል አይደል?»

አስታውሳለሁ አልኳት።

ጥር 3፣ እሑድ

የመጀመሪያ ሙከራ። ንጹሕ ቁሌት፣ እንቁላል፣ ሌላ ምንም የለበት። ሽንኩርቱን ሦስት ሰዓት አቁላላሁት፤ ዓይኔ አብጦ ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ «ምን ሆነህ አለቀስክ?» አለኝ።

ፋጢማ አንድ ጎርሳ ቀና ብላ የጣራውን ቆርቆሮ ማየት ጀመረች።

«ጎድሏል» አለች።

«ጨው?»

«ጨው አይደለም።»

«ኮረሪማ?»

«ኮረሪማው ልክ ነው። ነጭ ሽንኩርቱም ልክ ነው። ከሥር የሚመጣ ነገር ነበረው… ወፈር ያለ። እንዴት ልበልዎት፣ ጋሼ፣ ሲውጡት ቆይቶ የሚናገር ነገር።» ባሏ ሙህዲን ከኋላዋ ሁለተኛውን እያነሳ፣ «እኔ ጋ ቶሎ ነው የተናገረው» አለ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሆዱ ይሙላ እንጂ ምላሱ አይመርጥም።

ዝርዝር ይዤ ወጣሁ። ጥቁር አዝሙድ፣ መከለሻ፣ የበሰለ ቅቤ። ሁሉንም ልሞክር ነው።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ሁለተኛ ሙከራ። ጾም ነው፣ አልቀመስኩም። ፋጢማ እንደ ሐኪም፣ «ቀርቧል» አለች። ቆየት ብላ፣ «አይ፣ ሸሸ።»

ምን እንደጎደለ አውቃለሁ እኮ። ለምን ጥቁር አዝሙድ እገዛለሁ?

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ትናንት ጥምቀት ነበር። ፍሬሕይወት በሽንኩርት የተጠበሰ የበግ ሥጋ አመጣችልኝ። ትርፉን ከትፌ፣ ቃሪያና አይብ ጨምሬ፣ ዛሬ ጋገርኩት። ልጻፈው፣ ትዕቢት ካልሆነ፤ ከዶሮው በለጠ። አይቡ ጥብሱን ያቅፈዋል፣ ዳቦው ስቡን ይጠጣዋል። ምን አለሽ ተራ ወሰድኩት። ሚካኤል ስለሆነ መዶሻ አላነሳንም፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን በላን።

ቦጋለ አብሮኝ ሠላሳ ዓመት የቀጠቀጠ ሰው ነው። ሦስተኛውን እያላመጠ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ያለቦታህ ነው የኖርክ። ቆርቆሮ ምን አደረገህ?» አለኝ። የፋጢማን ዳቦ ነገር አጫወትኩት። ግማሹን፤ ጣዕሙ እንደጎደለ ብቻ።

«የቁሌት ብቻውን ጣዕም የት ይደርሳል? ዶሮ ነው የጎደለው።»

«ሙስሊም ናት እኮ።»

«እና? የራሳቸውን ዶሮ ራሳቸው ይረዱ፣ በራሳቸው ድስት ሥራላቸው። ኃጢአቱ የት ላይ ነው?»

ኃጢአት የለበትም። አዙሬ አዙሬ አየሁት፣ የለበትም። እንዲያውም ያ ጣዕም በደንቡ ይመጣል፣ እሷ ትደሰታለች፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። እግዚአብሔር በቦጋለ አፍ ይናገራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ሙህዲን ዶሮ ገዛ፣ ቢስሚላህ ብሎ አረደ። እኔ በፋጢማ ድስት፣ በፋጢማ ምድጃ ሠራሁ። አልቀመስኩም፤ እነሱ ያረዱት ነው። ደንብ ደንብ ነው። ሽታው ግን ነገረኝ። ሥጋውን አውጥቼ ለእራታቸው አስቀመጥኩና መረቁንና እንቁላሉን ብቻ ዳቦው ውስጥ ሞላሁ።

ፋጢማ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ሙህዲን እኔን ያያል፣ እኔ ሙህዲንን አያለሁ።

«ወላሂ ይሄ ነው! ይሄው ነው!» ብላ ጭኗን መታች። «የያለምወርቅ እጅ! ሰልሳቢል፣ ነይ ቅመሺ!»

ሰልሳቢል ቀመሰች፣ አለቀሰችም። ሙሽሮች በትንሽ ነገር ያለቅሳሉ። ስልሳው ዳቦ ጸደቀ። ስልሳ ፉርኖ የሚችል ትሪ ከምን ላሜራ እንደምሠራ እያሰላሁ ተገላግዬ ተኛሁ።

ጥር 17፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ ፋጢማ በሬ ላይ ቆማለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ሳስብ አደርኩ።»

«ምን?»

«ዶሮ ሲገባበት ነው የዚያን ዓመቱን የመሰለው። ያለ ዶሮው ሁለቴ ሠሩ፣ አልመሰለም።» ሻርፗን እያስተካከለች ቀስ አለች። «ያኔ… የያለምወርቅ ዳቦ ዶሮ ነበረበት እንዴ?»

ይህን አላሰብኩም ነበር። ስለ ጣዕሙ አስቤ ስለ ጥያቄው አላሰብኩም። ፋጢማ በርበሬ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ አሽትታ የየት አገር እንደሆነ ትናገራለች።

እኔ ምን አልኩ? «እንጃ። የወጥ ነገር የሴት ነው» አልኩ። እንደዚሁ። ቁልፉን በሩ ላይ እየሰካሁ።

«አላህ ይማራት» ብላ ሄደች።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ሥራ በዝቷል። አሥራ ሁለት ምድጃ ለጅማ።

ሳህን ሳጥብ በአጥሩ በኩል ሰማሁ። ፋጢማ፣ «ያለምወርቅ ይሄን አታደርግም» ትላለች።

ሙህዲን፣ «ተይው አልኩሽ። ሙት አይጠየቅም።»

«አልጠየቅኩም። ግን ታማ ስትተኛ ያጠብኳት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ቀን አንዴ፣ "ፋጢማ፣ እንዲህ አድርጌሽ ነበር" አትለኝም?»

እውነቷን ነው። ያለምወርቅ አልጋ ላይ በዋለችበት ረመዳን ፋጢማ በጾም አፏ በማንኪያ ሾርባ ታጎርሳት ነበር። እኔ ሳጎርሳት ትተፋለች፣ የፋጢማን ትውጣለች።

ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ እንዳልሰማ። ውሃው ሄደ፣ ሳህኑ አልታጠበም።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ፋጢማ «ያለምወርቅ» ማለት ትታለች። ዛሬ፣ «ለዚያ ዳቦ ስንት እንቁላል ይበቃል?» አለች። ለዚያ ዳቦ።

ጥር 25፣ ሰኞ፣ ነነዌ

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን መምሬ ዘመድኩንን ጠበቅኋቸው። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ጭልፋውንም፣ የወጥ ነገር የሴት ነው ማለቴንም። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«አሥራ አንድ ዓመት ጭልፋ ይዘህ ዞርክ» አሉኝ።

«አዎ አባቴ።»

«ዛሬ ዮናስ ሲነበብ ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ወዴት ተላከ?»

«ወደ ነነዌ።»

«ወዴት ሸሸ?»

«ወደ ተርሴስ።»

«ያንተ ነነዌ የት ናት?»

«አጥሩ ማዶ።»

«ስንት እርምጃ ነው?»

«አሥራ አራት።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። «ለክተኸዋላ! ታዲያ አሥራ አራት እርምጃ ትተህ ታክሲ ተሳፍረህ እኔ ዘንድ መጣህ፤ ተርሴስ አደረግኸኝ።» ከዚያ ሳቁን ተዉት። «ለእግዚአብሔር የሚሆነውን ቀኖና እኔ እሰጥሃለሁ። ይቅርታውን ግን እኔ የለኝም። ድስቱ የማን ነበር?»

«የፋጢማ።»

«በል እንግዲህ።»

ጥር 28፣ ሐሙስ

ልሄድ ነበር። እንግዳ ነበራቸው።

ጥር 29፣ ዓርብ

ልሄድ ነበር። ሙህዲን የሙሽራውን ሱፍ እየሰፋ ነው። መርፌ በአፉ ለያዘ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

የካቲት 1፣ እሑድ

ስልሳ የሚይዘውን ትሪ ጨረስኩት። ጠርዙን አጥፌ፣ ጥጎቹን ሳልበይድ በእጥፋት ብቻ አያያዝኩት፤ ከሠራኋቸው ሁሉ ይበልጣል። ለፋጢማ ላሳያት ተሸክሜ ወጣሁ።

ገና በሩ ላይ፣ «ጋሼ፣ እንዳይለፉ ልልዎት ነበር» አለች። «ሳምቡሳ ይበቃናል። ሰዉም ብዙ አይደለም።»

«ስልሳ አልሽ እኮ።»

«አብሽሩ። ሌላ ጊዜ ኢንሻአላህ።» ትሪውን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ፤ እንደሚያዝኑለት ሰው። ሚስቱ ያታለለችው ሰው አድርጋ።

ትሪውን ይዤ ስመለስ መጀመሪያ የተሰማኝ ዕረፍት ነው። ይሄንንም ልጻፈው። ዕረፍት። አሥራ አራተኛው እርምጃ ላይ ነው ያፈርኩት።

ያለምወርቅ የምታየኝ ከሆነ አሁን ዘወር ትበልልኝ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

የፋጢማ አክስት ለሰርጉ ከደሴ መጥታለች። ጆሮዋ ይከብዳል፤ የሚያዋሯት ሁሉ እየጮኸ ነው። ዛሬ ከሥራ ስገባ ፋጢማ ስትጮህላት ደረስኩ።

«ጎረቤቴ ነበረች! ሞታለች! … አዎ፣ ክርስቲያን! … ኧረ ሳታውቅ ይሆናል! ድስት ተምታቶባት ይሆናል!»

አክስቲቱም ራሷን ስለማትሰማ ትጮኻለች። «አውቃ ነው!» አለች። «አውቃ ነው፣ ልጄ!»

መንደሩ በሙሉ ሰማ። የጫማ ጠጋኙ ቀና አለ። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ የቆሙት ዞሩ። ድስት የማያምታታ አንድ ሰው ብጠራ እሷን ነው። ቁልፌን አውጥቼ ገባሁ።

ዛሬ ምንም አልጋገርኩም።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ፋጢማ መጣች። ነጭ ሻርፕ አድርጋለች። አልቀመጥም አለች።

«ረመዳን እየገባ ነው፣ ልጄንም ልድር ነው። ለአውፍታ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።»

በየዓመቱ ረመዳን ሲቃረብ ትመጣለች። በሌላ ጊዜ የምትለው የታወቀ ነው፤ ውሃችሁን ደፍቼ፣ በረንዳችሁን አቆሽሼ፣ አውፍ በሉኝ። እኛም አውፍ እንላታለን፣ እኛም በደላችንን እንነግራታለን። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው።

ዛሬ፣ «ያለምወርቅን በልቤ አማኋት» አለች። «በልቤ ብቻም አይደል፣ በአፌም። ለአክስቴ ነገርኩ። አድርጋውም ቢሆን ሙት ማማት አይገባኝም ነበር። እሷ የለችም። በሷ ፈንታ እርስዎ አውፍ ይበሉኝ።»

ጉሮሮዬ ላይ ነበር። እምላለሁ፣ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

«እግዜር ይቅር ይበልሽ» አልኳት።

ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ አመስግናኝ ሄደች። አመሰገነችኝ። ያልበደለችኝን፣ በያለምወርቅ ስም፣ ይቅር አልኳት። የመጀመሪያውን ጊዜ ሆዴ ነው፣ ርቦኝ ነበር። ዛሬ ምን ርቦኝ ነው?

ሃያ ጊዜ ሰገድኩ። ሃያ አንደኛው ላይ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ለምን እንዳልተናገርኩ እዚህ ደብተር ላይ ብዙ ምክንያት ጽፌአለሁ፤ እንግዳ፣ መርፌ፣ ሰርግ። መልሼ አነበብኳቸው። እውነተኛው አልተጻፈም። እውነተኛው ይሄ ነው፤ ያለምወርቅ ከሞተች ሳላንኳኳ የምገባበት ቤት ያ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ሙህዲን የሚጠራኝ፣ ፋጢማ ሹራቤን ልታጥብልኝ አውልቄ እንድሰጣት የምትቆጣኝ፣ እዚያ ነው። ያንን እንዳላጣ ሚስቴን ሰጠኋቸው።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ሄድኩ።

ሙህዲን ከጁምዓ እስኪመለስ ጠበቅሁ። ፋጢማን ለብቻዋ አነጋግራታለሁ ብዬ ነበር፤ የት ለብቻ? ነገ ሰርግ ነው። ግቢው ሴት በሴት ነው፤ ድንች የሚልጡ፣ ሳምቡሳ የሚጠቀልሉ፣ ሰልሳቢል እጇን ሂና ተቀብታ እንደ ፈራ ሰው ጣቶቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። አክስቲቱ መሐል ትራስ ላይ።

«ጋሼ! ግቡ፣ ግቡ» አለች ፋጢማ። እጇ ሊጥ ነው።

«ብቻሽን ላነጋግርሽ ነበር።»

«ዛሬ ብቻዬን ሞቼም አልገኝ። ይንገሩኝ።»

ወደ ቤት ልመለስ አንድ እግሬን አነሳሁ። ከዚያ ያ «አውቃ ነው» የተባለው በእነዚሁ ፊት እንደሆነ አሰብኩ። እግሬን መለስኩት።

«የዚያን ዓመት ዳቦ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኩ። «ያለምወርቅ ድስትሽን እንደ ደንቡ ለይታ አስቀምጣልሽ ነበር። እኔ ሰርቄ በላሁት። እንዳይታወቅብኝ ዶሮ ከበሰለበት ቀድቼ ሞላሁት። እሷ አላወቀችም። ትናንት በሷ ስም አውፍ ያልኩሽም ውሸቴን ነው። የምትጠየቂው በደል አልነበረብሽም።»

ሳምቡሳ የሚጠቀልሉት እጆች ቆሙ።

ፋጢማ፣ «ሁሉንም በሉት?» አለች።

«እንቁላሉን ትቼ።»

«እንቁላሉን ለምን ተዉት?»

«ተቆጥሮ ነበር።»

አንዲቱ ሴት ሳቋ አምልጧት አፏን በሊጥ እጇ ያዘች። ፋጢማ አልሳቀችም።

«ያለምወርቅ እስክትሞት አላወቀችም?»

«አላወቀችም።»

«እኔ ያን ዳቦ ሳወድሰው ቁጭ ብላ ስትሰማኝ፣ የራሷ ሥራ መስሏት ነበር?»

«መስሏት ነበር።»

«አልሃምዱሊላህ» አለች። ለኔ አይደለም። ሊጡን ከእጇ ሳታራግፍ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ያለምወርቅ የሞተች ቀን እንዳለቀሰችው፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ሰልሳቢል ሂናውን ረስታ አቀፈቻት፤ የእናቷ ቀሚስ ላይ አምስት ጣት ታተመ።

ሙህዲን በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። «ሳናውቅ የበላነው በኛ ላይ አልተጻፈም» አለ ለሚስቱ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ያንተን አላውቅም፣ ጓንጉል» አለ። መዶሻ ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አውፍ በይኝ፣ ፋጢማ» አልኩ።

«ዛሬ አልችልም።» ፊቷን ጠረገች፣ ሊጡ ጉንጯ ላይ ቀረ። «ዛሬ አውፍ በይኝ አይበሉኝ። ልጄን ልዳር።»

እሺ አልኩ። ልወጣ ስዞር አክስቲቱ የፋጢማን ቀሚስ ጎተት አደረገች። «ምን ሆኑ? ምን አለ ሰውዬው?» ትላለች፤ ድምፅዋ አጥር ይነቀንቃል።

ፋጢማ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች። ከዚያ አልበቃ ብሏት ቀና ብላ ጮኸች።

«ያለምወርቅ አይደለችም አለ! ያለምወርቅ አላወቀችም! እሱ ነው!»

«ማን?»

«እሱ!»

አክስቲቱ ዓይኗን አጥብባ ፈለገችኝ። ሴቶቹ ሁሉ አዩኝ። ከመንገድ የጫማ ጠጋኙም በበሩ አንገቱን አስግጓል። አክስቲቱ ከሌላ ሰው ጋር እንዳታምታታኝ ወደ መሐል ተመልሼ ፊቷ ቆምኩ፤ ባርኔጣዬን አወለቅሁና የመንደሩ ሰው ሁሉ እስኪሰማ፣

«እኔ ነኝ፣ እማማ! እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩላት።